ሐይቅ ዳር ለመዋል፦ ከልጆቼ ጋር ሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች ስንመላለስ ያየሁት

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እህት ልጆቿን እያየች "ይኸው ሰመር መጣ ደግሞ፣ እነዚህን ልጆች የት ላድርጋቸው፣ ስልክ ላይ ተተክለው ሊያልቁ እኮ ነው" አለችኝ፣ እኔም እዛው ግቢው ውስጥ ቆሜ ስቴቱ ስለሚያስተዳድራቸው ስቴት ፓርኮች ስነግራት ግማሽ ሰዓት ሄደ፣ ሌሎችም ተሰብስበው መጠየቅ ጀመሩ፣ ለካ ብዙ ሰው እንደ ድሮዋ እኔ ነው። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ 13 ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት ከስራ ቤት፣ ከቤት ቤተክርስቲያን፣ ከዛ ሀበሻ ገበያ፣ በቃ። አንድ ሰዓት ብነዳ ተራራ ስር ያለ ሐይቅ ላይ እንደምደርስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ ልጻፈው፣ የተሳሳትነውንም ጨምሬ፣ ምክንያቱም አንዱ ስህተታችን ልጅ ሊያሳጣን ነበር፣ እሱን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

እኔ ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው፣ ቢሾፍቱ። ሐይቅ በሐይቅ የሆነ ከተማ ነው፣ ሆራ አለ፣ ባቦጋያ አለ፣ ኩሪፍቱ አለ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ራሱ አለ፣ ግን እኛ ልጆች ውሃው ጫፍ እንድንደርስ አይፈቀድልንም ነበር። እማዬ "ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ሳይወስድ አያድርም" ትል ነበር፣ የሰፈሩ እናቶች ሁሉ እንደዛ ነበር የሚሉት፣ ለኢሬቻ ቀን ሆራ ስንወርድ እንኳን እጃችንን ጨብጣ ነው ከሩቅ የምታሳየን። ካደግኩ በኋላ ነው የገባኝ፣ አብዛኞቹ እነዛ ሐይቆች እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተዋቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ ከዳር ጥቂት እንደተራመድክ ገደል ነው፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እናቶቻችን ጂኦሎጂ ባይማሩም የሚያወሩት እውነት ነበር። ግን በዛ ምክንያት እኔ ሐይቅ ከተማ አድጌ ዋና ሳልችል ነው አሜሪካ የመጣሁት፣ ከኛ ስንቱ እንደዚህ እንደሆነ ቁጠሩት እስቲ።

ሜሪላንድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ስቴቱ ውስጥ አንድም የተፈጥሮ ሐይቅ የለም። የምታዩት ሐይቅ ሁሉ ሰው ወንዝ ገድቦ ያጠራቀመው ነው። ይሄን የምነግራችሁ ለጠቅላላ እውቀት አይደለም፣ "ሰው የሰራው ስለሆነ እንደ ዋና ገንዳ ነው" ብሎ የሚዘናጋ ሰው ስላጋጠመኝ ነው። ስሩ የሰጠመ ሸለቆ ነው፣ ጉቶ ሊኖር ይችላል፣ ጭቃ አለ፣ አሸዋ የተደፋበት ቢቹ ካለቀ በኋላ ወለሉ ድንገት ሊወርድ ይችላል፣ ውሃው ደግሞ ጠቆር ስለሚል እግርህን አታየውም።

በመጀመሪያ የሰዓቱን ነገር ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙ ሀበሻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እኛ የመጀመሪያ ቀን የወጣነው ጁላይ ውስጥ ቅዳሜ ነበር፣ ሌሊቱን ዶሮ ስሰራ አድሬ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ፣ ሲኒው በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ሁለት መኪና ሆነን ከቤት ስንወጣ በኛ አቆጣጠር አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ስንደርስ መግቢያው ላይ "ሞልቷል" የሚል ምልክት ቆሟል፣ የፓርኩ ጠባቂ ሬንጀሩ በእጁ እያሳየ መኪናውን ሁሉ ወደ መጣበት ይመልሳል። መንገድ ዳር አቁሞ መጠበቅም አይቻልም። ልጆቹ የዋና ልብሳቸውን እንደለበሱ ተመልሰን አፓርታማችን ስር ሳር ላይ ነው የበላነው፣ ትንሿ ልጄ መኪና ውስጥ ያለቀሰችው እስካሁን አይረሳኝም። ስለዚህ ሰመር ላይ ቅዳሜና እሁድ ወይም የበዓል ቀን ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ማለት በፈረንጁ 8 ሰዓት፣ በሩ ላይ ሁኑ። ሙቀት ያለበት ቀን ከሆነ ታዋቂዎቹ ከእኩለ ቀን በፊት ሞልተው ይዘጋሉ፣ አንዴ ከተዘጋ ደግሞ ሰው እስኪወጣ ድረስ ሰዓታት ነው የሚፈጀው። አሁን ደግሞ አንዳንዶቹ ፓርኮች በሰመር ቀድሞ ኦንላይን ቦታ መያዝ መጠየቅ ጀምረዋል፣ ሳትይዙ ብትሄዱ ባዶ ፓርኪንግ እያያችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፣ ስለዚህ ሐሙስ ማታ የምትሄዱበትን ፓርክ ገጽ ከፍታችሁ እዩ። ከቻላችሁ ግን ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ፈቃድ ውሰዱና ሂዱ፣ ሌላ ዓለም ነው፣ ዋጋውም በአብዛኛው ይቀንሳል። ነርሲንግ ሆም የምትሰሩ፣ ራይድ የምትነዱ፣ የእረፍት ቀናችሁ መሀል ሳምንት የሚውል እናንተ እንደውም ከሁሉ የተመቻችሁ ናችሁ።

ከቅርቡ ልጀምር። ሴኔካ ክሪክ ስቴት ፓርክ ጌትስበርግ ነው፣ ከኛ ሰፈር በ270 አውራ ጎዳና ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ክሎፐር ሌክ የሚባል 90 ኤከር የሆነ ሐይቅ አለው። እዚህ መዋኘት አይፈቀድም፣ ይሄን እወቁ፣ ልጆቹን ለዋና ተስፋ ሰጥታችሁ እንዳትወስዷቸው። ግን ጀልባ ይከራያል በሰመር፣ ሐይቁን የሚዞር የእግር መንገድ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው ጥሩ መለማመጃ ነው፣ ቢሰለቻችሁ ቤታችሁ ቅርብ ነው። እኔ ከስራ ስወጣ ብቻዬን ሄጄ የምዞርበት ጊዜ አለ፣ በተለይ ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ቀልሞ ውሃው ላይ ሲወድቅ።

ለዋና ከሆነ ግሪንብራየር እና ከኒንግሃም ፎልስ። ሁለቱም ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት አካባቢ ናቸው። ግሪንብራየር በ70 ፍሬድሪክ ከተማን አልፋችሁ ሳውዝ ማውንቴን የሚባለው ተራራ ላይ ነው፣ 42 ኤከር ሐይቅ፣ አሸዋ የተደፋበት ሰፊ ቢች፣ ሻወር፣ ካምፕ ማድረጊያ ቦታ፣ ከጆርጂያ እስከ ሜን የሚሄደው የአፓላቺያን የእግር መንገድም በፓርኩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ቤተሰብ የሚበዛበት ነው፣ ስፓኒሽ ሙዚቃ ትሰማላችሁ፣ የጥብስ ሽታ ከየአቅጣጫው፣ ሀበሻም እየበዛ ነው አሁን። ከኒንግሃም ፎልስ ደግሞ በ15 ወደ ሰሜን ተርሞንት የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው፣ ሐይቁ ሀንቲንግ ክሪክ ሌክ ይባላል፣ ከሐይቁ ደግሞ በእግር የሚያስኬድ ፏፏቴ አለ 78 ጫማ የሆነ፣ ከድንጋይ ድንጋይ እየተንሸራተተ የሚወርድ ነው እንጂ እንደ ጢስ ዓባይ ዘሎ የሚወድቅ አይደለም። እኔ ከሁለቱ ይሄንን እመርጣለሁ፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ተራራው ሐይቁን አቅፎት ነው ያለው፣ ጠዋት ጭጋግ ሲነሳ ሳየው ወንጪ የሄድኩ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

ስለ ተርሞንት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እዛው ጎን ያለው የፌደራሉ ፓርክ ውስጥ ነው የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ ያለው፣ በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የግብጹን ሳዳትንና የእስራኤሉን ቤጊንን ያስታረቀበት፣ መግባት አይቻልም ግን ልጆች ይገረማሉ። ከዛ ግን ይልቅ ልጆቻችሁን የስቴት ፓርኩ ሌላኛው ክፍል ላይ ያለውን ካቶክቲን ፈርነስ አሳዩዋቸው፣ በ1776 የተሰራ የብረት ማቅለጫ ነው፣ እዛ ብረት ያቀልጡ ከነበሩት ውስጥ ባርነት ላይ የነበሩ አፍሪካውያን ነበሩ፣ መቃብራቸው ተገኝቶ የ27ቱ ሰዎች ዲኤንኤ ተጠንቶ በ2023 ታትሟል። ልጄ የድንጋዩን ግንብ እየነካች "እነሱስ ሐይቁ ውስጥ ይዋኙ ነበር?" አለችኝ። ሐይቁ ያኔ አልነበረም፣ ቢኖርም አይፈቀድላቸውም ነበር አልኳት። እስከ መኪናው ድረስ ዝም ብላ ሄደች። ለኛ ልጆች ይሄ ታሪክ የክፍል ትምህርት ብቻ መሆን የለበትም፣ እግራቸው የቆመበት መሬት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሐይቅ ላይ ሦስት ቤተሰብ ሆነን ሄድን፣ ትልልቆቹ ስምንት፣ ልጆቹ አስራ አንድ ነበሩ። እኛ ሴቶቹ ምግብ እያቀረብን፣ ወንዶቹ ከሰል እያቀጣጠሉ፣ ሁላችንም ልጆቹን "እያየን" ነበር፣ ማለት ማንም እያያቸው አልነበረም። የወንድሜ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ውሃው ደረቱ ድረስ ሆኖ ኳስ ሊያመጣ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደ፣ ወለሉ ወረደበት። አልጮኸም። እጁንም አላወዛወዘም። ፊልም ላይ የምናየው ጩኸት የለም ይሄ ነገር፣ ልጁ አፉን ከውሃ በላይ ለማድረግ ስለሚታገል ድምጽ የሚያወጣበት አየር የለውም፣ ጎኑ የነበሩት ልጆች እየተጫወተ መስሏቸው ነበር። ያወጣችው ከልጇ ጋር የምትዋኝ የማናውቃት ሳልቫዶራዊት እናት ናት፣ በአንድ እጇ የራሷን ልጅ በሌላው የኛን ይዛ ወጣች። ሲያስለው፣ ውሃ ሲተፋ፣ ሲያለቅስ፣ ያ ለቅሶ ከሰማሁት ድምጽ ሁሉ የሚያስደስት ነበር። ወንድሜ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ሴትየዋን በምን ቋንቋ እንደምናመሰግን ጠፋን፣ እማዬ ትለው የነበረው ምርቃት ሁሉ በአማርኛ ከአፌ ወጣ፣ እሷም እጄን ጨበጠችኝና ተመልሳ ወደ ልጇ ሄደች።

ጥፋቱ የኛ ነበር። ላይፍጋርድ፣ ማለት ዋናተኞችን የሚጠብቅ ሰው፣ ይኖራል ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ አንዳንድ ቦታ አለ አንዳንድ ቦታ የለም፣ ባለበትም ልጁን የሚያውቀው የልጁ ቤተሰብ ነው። ከዛ ቀን በኋላ ያወጣነው ደንብ አለ፣ አንድ ቀይ ኮፍያ ገዛን፣ ኮፍያውን ያደረገ ሰው ስራው ልጆቹን ማየት ብቻ ነው፣ ስልክ የለም፣ ወሬ የለም፣ ጉርሻ እንኳን አይቀበልም፣ በየሃያ ደቂቃው ኮፍያውን አውልቆ በስም ጠርቶ ለሚቀጥለው ይሰጣል። "ሁላችንም እናያቸዋለን" የሚባል ነገር ቀረ። ሁለተኛ፣ ዋና ለማይችል ልጅ ዳር ላይም ቢሆን ትክክለኛ ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ በልጁ ኪሎ የተመረጠ፣ ክንድ ላይ የሚነፋውን ፕላስቲክ እርሱት፣ እሱ መጫወቻ ነው። ጀልባና ካያክ ላይ ከሆነ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንሽ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት ማድረግ ህግ ነው። ሦስተኛ፣ የመዋኛውን ክልል የሚያሳየው ተንሳፋፊ ገመድ ካለበት ማለፍ የለም። አራተኛ፣ ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ሰው ከውሃ ይወጣል፣ የመጨረሻው ድምጽ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አይመለስም፣ እዚህ አገር ሰመር ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ነው የሚመጣው።

እና እኔ ራሴ በ37 ዓመቴ የካውንቲው ገንዳ ሄጄ ዋና ተመዘገብኩ። አዋቂዎችን የሚያስተምሩበት ክፍል አለ፣ ከኔ ጋር የ60 ዓመት ሴትዮ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፊቴን ውሃ ውስጥ ማስገባት አቅቶኝ ነበር፣ የእማዬ ድምጽ ጆሮዬ ላይ አለ፣ "አያድርም" የሚለው። አስተማሪዋ መጀመሪያ መዋኘት ሳይሆን በጀርባ መንሳፈፍ ነው ያስተማረችኝ፣ ሳትደነግጪ ጀርባሽ ላይ ከተኛሽ ውሃው ራሱ ይይዝሻል አለችኝ፣ እውነቷን ነው። ዋና የማትችሉ እናትና አባቶች እባካችሁ እናንተም ተመዝገቡ፣ ልጆቻችሁን ብቻ አትላኩ።

ምግቡን በተመለከተ፣ ቢቹ አካባቢ መሬት ላይ የተተከሉ የብረት ጥብስ መጥበሻዎች አሉ፣ ከሰል ይዛችሁ መሄድ ነው፣ ሲያልቅ ውሃ አፍስሳችሁ አጥፉት፣ ዛፍ ስር እንዳትደፉት። ወጡን ከቀደመው ቀን ጀምራችሁ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ እስኪሆን አስቀምጡት፣ ኩለር ውስጥ እንደ በረዶ ሆኖ ሌላውን ያቀዘቅዛል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ተፈትቶ ታሞቁታላችሁ። ኦገስት ላይ ከሄዳችሁ ፍልሰታ ነው፣ ለኔ እንደውም ለካምፕ የሚመች ጊዜ እሱ ነው፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሽሮ በትንሿ ጋዝ ምድጃ፣ ምንም አይበላሽም። ቡና እንዳትተዉ፣ ቆልታችሁ ውሰዱ ወይ እዛው ቁሉ፣ አጠገባችን ካምፕ ያደረጉ አሜሪካኖች ሽታው ስቧቸው መጥተው ሦስተኛውን ጠጥተው ነው የሄዱት። መጠጥ ግን በብዙዎቹ የቀን መዋያ ቦታዎች ክልክል ነው፣ ጠጅና ጠላም መጠጥ ነው፣ ኩለር ውስጥ ደብቆ መግባት አያዋጣም። ቆሻሻ ማጠራቀሚያ በርሜል ደግሞ ስትፈልጉ አታገኙም፣ ሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች ያመጣኸውን ቆሻሻ ይዘህ ውጣ ነው ህጉ፣ ስለዚህ ጥቁር ፌስታል በደንብ ያዙ። አንዴ ከሀበሻ ቡድን በኋላ ገብተን የእንጀራ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ሳሩ ላይ ሳይ በጣም ነው ያዘንኩት፣ ልጆቼ ለቅመው ነው የጨረሱት። እባካችሁ።

ማህበር ወይ ልደት ወይ የዕድር ስብሰባ ከሆነ ጣሪያ ያለውን መጠለያ ቀድማችሁ ተከራዩ፣ ሜይ ላይ መጠየቅ ከጀመራችሁ ቅዳሜዎቹ አልቀዋል። ካምፕ ለማደር ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ መያዝ ይቻላል፣ እኔ የጁላይን የምይዘው ገና የዊንተሩ ብርድ ላይ ሳለን ነው። ስለ ክፍያ፣ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ትንሽ ጨምሮ ይከፍላል፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ እወቁት። ደጋግማችሁ የምትሄዱ ከሆነ የዓመት ፓስ አለ፣ እኔ ስገዛ ለሜሪላንድ ነዋሪ 75 ዶላር ነበር፣ መኪናው ውስጥ ያለውን ሰው እስከ አስር ድረስ ስለሚያስገባ ቫን ላለው ቤተሰብ በሦስት አራት ጉዞ ዋጋውን ይመልሳል። 62 ዓመት ለሞላቸው ደግሞ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚገዛ የዕድሜ ልክ ፓስ አለ፣ እዚህ ያሉ ወላጆቻችሁን ጠይቁላቸው። ዓሣ ማጥመድ ለሚወድ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም፣ አዋቂ ግን ያስፈልገዋል፣ ያለ ፈቃድ የሚጠመድባቸው ነጻ ቀናት ግን አሉ፣ የጁን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4።

መዥገር። ይሄን ችላ እንዳትሉ፣ ላይም የሚባለው በሽታ ከሱ ነው የሚመጣው፣ ሜሪላንድ ውስጥ በብዛት አለ። የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ናት፣ አንዳንዴም ከዛ ታንሳለች። ሳር ውስጥ ከገባችሁ ካልሲውን ሱሪው ላይ አውጡት፣ ማታ ልጆቹን ከብብት፣ ከጆሮ ኋላ፣ ከጸጉር ስር፣ ከጉልበት ኋላ ፈትሹ፣ የተጎነጎነ ጸጉር ውስጥ በደንብ ፈልጉ። ተጣብቃ ካገኛችኋት በወረንጦ ከቆዳው ጋር አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ቅቤ መቀባት፣ በክብሪት ማቃጠል፣ አገር ቤት ለከብት የምናደርገውን ሁሉ ተዉት።

ወደ ምዕራቡ ልለፍ፣ ለኔ እውነተኛው ደን የሚጀምረው እዛ ነው። በ68 ስትሄዱ ሳይድሊንግ ሂል የሚባል ተራራ ለመንገዱ ሲሉ ለሁለት የተቆረጠ ታያላችሁ፣ የድንጋዩ ንጣፍ እንደ ተነባበረ እንጀራ ተጣጥፎ ይታያል። ከዛ ሮኪ ጋፕ፣ 243 ኤከር የሆነ ንጹህ ሐይቅ ያለው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ከዛ ጋሬት ካውንቲ፣ ሦስት ሰዓት፣ ዲፕ ክሪክ ሌክ ያለበት። ዲፕ ክሪክ የሜሪላንድ ትልቁ ሐይቅ ነው፣ 3,900 ኤከር ገደማ፣ በ1925 ለመብራት ኃይል ተብሎ የተገደበ፣ ዳሩ በአብዛኛው የሀብታም ቤት ነው ግን ስቴት ፓርኩ አንድ ማይል ያህል ዳርቻ ለሁሉም ሰው ክፍት አድርጎ ይዟል፣ ቢችም ካምፕም አለው። ከፍታው 750 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንቀቀል እዛ ማታ ጃኬት ያስፈልጋል።

በስቴት ፓርክና በስቴት ፎረስት መሀል ያለውን ልዩነት የሚጠይቁኝ አሉ። ፓርኩ ሻወር አለው፣ ቢች አለው፣ ሬንጀር በቅርብ ታገኛላችሁ። ፎረስቱ ደን ነው በቃ፣ እንጨት ይቆረጥበታል፣ አደን ይታደንበታል፣ ካምፑ ብዙ ጊዜ ውሃም ሽንት ቤትም የሌለው ባዶ ቦታ ነው፣ ጸጥታው ግን የትም አይገኝም። በመኸር ከሄዳችሁ የአደን ወቅት ስለሆነ ብርቱካናማ ልብስ ልበሱ። ስልክ የማይሰራበት ቦታ ብዙ ነው፣ ካርታውን አስቀድማችሁ አውርዱ። ጥቁር ድብ አለ ምዕራቡ ላይ፣ ሰው አይፈልግም ምግብ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ወጡ፣ ዳቦው፣ የጥርስ ሳሙናውም ሳይቀር ማታ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይደር፣ ድንኳን ውስጥ ቆሎ ይዞ መተኛት የለም። ማገዶም ከቤት ጭናችሁ አትሂዱ፣ ዛፍ የሚገድል ነፍሳት በማገዶ ስለሚጓዝ እዛው አካባቢ ነው የሚገዛው።

ጋሬት ስቴት ፎረስት የሜሪላንድ የህዝብ ደን መጀመሪያ ነው፣ በ1906 ሁለት ወንድማማቾች መሬታቸውን ለስቴቱ ሰጥተው ነው የተጀመረው። ውስጡ ስዋሎው ፎልስ አለ፣ መዲ ክሪክ የሚባለው ፏፏቴ 53 ጫማ ዘሎ የሚወርድበት፣ በ1918 እና በ1921 የመኪናው ሄንሪ ፎርድና የአምፖሉ ኤዲሰን ድንኳን ተክለው ያደሩበት። ሄምሎክ የሚባሉ ከ300 ዓመት በላይ የኖሩ ዛፎች አሉ እዛ፣ ከስራቸው ሲገቡ ቀን ወደ ማታ ይቀየራል። ጎኑ ደግሞ ሄሪንግተን ማነር፣ 53 ኤከር ሐይቅ፣ የእንጨት ጎጆዎች የሚከራዩበት፣ ግማሾቹን በ1930ዎቹ ስራ ያጡ ወጣቶች በመንግስት ፕሮግራም ተቀጥረው ነው የሰሯቸው። ድንኳን የማይሆንላቸው ትልልቅ ሰዎች ካሏችሁ እዚህ ውሰዷቸው፣ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ።

እማዬ ካቻምና ስትመጣ እዚህ ነው የወሰድናት። ስዋሎው ፎልስ ላይ ዛፎቹን ስታይ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመች፣ "ገዳም እኮ ነው ይሄ፣ ማን ነው ሳይቆርጥ ያቆየው" አለች። የቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ካልሆነ እንደዚህ ያለ ዛፍ አይታ አታውቅም። ማግስቱን ሐይቁ ላይ በእግር የሚዘወረውን ጀልባ ተከራየን፣ እሷ ዳር ሆና ልጠብቅ አለች፣ ልጄ "አያቴ ነይ፣ እኔ እይዝሻለሁ" አለቻት፣ ያቺ መኪና ውስጥ ያለቀሰችው ትንሿ፣ አሁን ከኔ በላይ ዋናተኛ ናት። እማዬ ረጅም ሰዓት ውሃውን አየችው። ከዛ ጫማዋን አወለቀች፣ እጄን ይዛ ገባች፣ ቁጭ አለችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ይሄኛውስ ሰው ይወስዳል?" አለችኝ።

"ይወስዳል እማዬ" አልኳትና የላይፍ ጃኬቷን ማሰሪያ አጠበቅኩላት።